ወላሂ የማይሉት መካኒክ

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ደጎሎ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ጎማዬን የሚለጥፍልኝ ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «የመካነ ሰላሙ ባሌስትራ ሠሪ አረፉ አሉ፣ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። ቀጥሎም «ታውቃቸው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። «በመልክ አውቃቸዋለሁ» አልኩት። ይህን የምጽፈው ያቺ መልስ እንደዋዛ ከአፌ በመውጣቷ ነው። ሰውዬው ከሞቱ በኋላ እንኳ ልክዳቸው ምንም አልከበደኝም።

በመልክ ብቻ አይደለም የማውቃቸው። አንድ ሙሉ ሳምንት ከጎናቸው ውዬ የእህቴን ፒካፕ ከመሬት ከፍ ሲያደርጓት አይቻለሁ፣ ከአንድ ሰሃን በልቻለሁ። አጭር ሰው ነበሩ። ቱታቸው ከዘይቱ ብዛት ብቻውን የሚቆም ይመስላል፤ ነጭ ቆባቸው ላይ ግን አንድ ጠብታ ዘይት አይቼ አላውቅም። መኪና ሥር ሊገቡ ሲሉ አውልቀው ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሏታል፣ ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው መልሰው ይደፏታል። ጋራዣቸው ከከተማው መውጫ ላይ ያለ አጥር የሌለው ግቢ ነበር። መሐሉ ላይ በእጃቸው ቆፍረው ዙሪያውን በድንጋይ የገነቡት ጉድጓድ ነበረ፤ መኪናው ከላይ ይቆማል፣ እሳቸው ከታች ሆነው ይሠራሉ።

ከሰው ሁሉ የሚለያቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ወላሂ አይሉም። ወሎ ውስጥ ወላሂ ሳይሉ መዋል ጨው የሌለው ወጥ እንደመብላት ነው። እኔ ማተብ ያሰርኩት እንኳ በቀን አሥር ጊዜ ወላሂ እላለሁ፣ ግማሹን ለቀልድ፣ ግማሹን ለገበያ። እሳቸው አምስቱን ሶላት የማያጓድሉ ሰው ሆነው ቃሏ ከአፋቸው አትወጣም። ደንበኛ «ይህ ብረት ያልተበየደ ነው? እስቲ ወላሂ በሉ» ሲላቸው፣ «ካላመንከኝ መኪናህ ደህና ይነሳል፣ አስነሳና ሂድ» ይሉታል። አስነስቶ የሄደም አለ።

መኪናዋ የእህቴ የስንታየሁ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ወጣትነቷን ጨርሳ የገዛቻት ያገለገለች ፒካፕ ናት። «አንተ ንዳት፣ ቤተሰቡ ይኑርባት፤ አጥፍተህ ካበላሸሃት ግን ለታናሽህ ነው የምሰጣት» ብላኛለች። ስንታየሁ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እኔ ከመሪው በቀር ሌላ እንጀራ የለኝም። ፒካፗ አስፋልት ለምዳ የኖረች ስለሆነች ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው የጠጠር መንገድ ላይ ድንጋይ ሆዷን ይልጣት ጀመር። አዲስ አበባ ደውዬ ብጠይቅ ከውጭ የሚመጣ ሙሉ የማንሻ ዕቃ አለ አሉኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። የቀሩኝ ጋሽ ይመር ነበሩ።

ዙሪያዋን ዞረው፣ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ምን ያህል ከፍ ትበልልህ?» አሉኝ።

«የቻለችውን ያህል።»

«አራት ጣት።»

«ትንሽ ቢጨምሩባትስ ጋሽ ይመር? የእነ እንትና መኪና እኮ—»

«ከአራት ጣት በላይ ትዕቢት ነው» አሉና ቆባቸውን ሰቀሉ።

ገንዘብ የሌለው ሰው መኪና የሚነሳበት መንገድ እንዲህ ነው። ጋሽ ይመር ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ የፈታቱትን ባሌስትራ፣ ማለትም ከኋላ እንደ ቀስት ጎብጦ ጭነት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ግቢያቸው ውስጥ ከምረውታል። ከክምሩ አንድ አንዱን እያነሱ በመዶሻ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይሞታል» ይሉኛል። እኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር የሚሰማኝ። አሥራ አንዱን ጥለው ሁለቱን መረጡ፣ በልክ ቆረጧቸው፣ በእሳት አግለው ጉብጠታቸውን አስተካከሉ፣ ከነባሩ ብረት ጋር ደርበው በቡሎን አሰሯቸው። ከፊት በኩል ደግሞ የሚጠመዘዘውን ዘንግ በትንሽ በትንሹ እያጠበቁ፣ ከጎማው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ በአንዲት የወይራ ዘንግ ይለኩ ነበር። ዘንጓ ላይ በቢላዋ የተቆረጠ ምልክት አለ፤ ሜትር ሰጥቻቸው አልተቀበሉኝም።

መኪና ከፍ ሲል የፊት እግሮቹ ይዛባሉ። ይህን ማቅናት ነው ዋናው ሥራ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይኸንኑ ነው። ጋሽ ይመር በመጀመሪያ ግቢው መሐል በጆግ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው የትም ሳይሄድ በቆመበት ቦታ መኪናዋን አቁም አሉኝ። ቀጥሎ ከቤትህ ገብስ አምጣ አሉኝና ስምንት ጆንያ አስጫኑኝ። ጭነት የሌላትን መኪና ለምን አያቀኗትም ብዬ ስነጫነጭ፣ «ባዶ መኪና ትዋሻለች። እውነቷን የምትናገረው ስትጫን ነው» አሉኝ። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በሁለቱም ጎን ሲባጎ ወጥረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግማሽ ቀን መሬት ላይ ተኝተው ዋሉ። የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል በትንሹ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ያደርጓቸዋል። «ባልና ሚስት ናቸው። ጥቂት መተያየት አለባቸው፤ ፊት ከተዟዟሩ መንገዱ ይበላቸዋል።»

ሲጨርሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ሄድን። መሪውን እሳቸው ያዙ። ፍጥነት ጨምረው ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱና ለዱዓ እንደሚቀመጥ ሰው ዘረጉ። እኔ መቀመጫዬን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መኪናዋ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ጋሽ ይመር እጃቸውን እንደዘረጉ ፈገግ ብለዋል። እንዲያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወላሂ የማይሉበትን ምክንያት የነገሩኝም ያን ቀን፣ ስንመለስ ነው። በወጣትነታቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በመሬት ድንበር ተጣሉ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ፣ ማል ተባሉ፣ ማሉ። የማሉት እውነቱን ነበር፤ ድንበሩ እሳቸው ያሉት ቦታ ነው። ወንድማቸው ግን በሰው ፊት ውሸታም ተብሎ አገር ለቆ ሄደ፣ እስከዛሬም የት እንደደረሰ አይታወቅም። «እውነት ነው የማልኩት» አሉኝ መንገዱን እያዩ። «እውነት መሆኑ ግን ወንድሜን አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ በአላህ ስም ሰው ላይ አልቆምም።» ይህን ለማንም የሚያወሩት ነገር አልነበረም። ለእኔ ነገሩኝ።

ቁልፉን ሲሰጡኝ እጄን ያዙኝ። «ስማ አያሌው። ሦስት ጊዜ ጭነህ ተመለስ። አዲሱ ብረት ከአሮጌው ጋር እስኪለማመድ ቡሎኑ ይላላል። አጠብቅልሃለሁ፣ ሲባጎዬንም ደግሜ እወጥራለሁ። ለዚህ ምንም አትከፍልም። አደራ።»

«ወላሂ እመጣለሁ።»

«ወላሂ አትበል። ና ብቻ።»

አልሄድኩም። ወቅቱ ማሾ ከቆላ የሚወጣበት ነበር። ፒካፗ ተነስታ፣ ሌላው መኪና የሚፈራውን ቁልቁለት እንደ ፍየል ስትወርደው ነጋዴው ሁሉ እኔን ይል ጀመር። ሦስት ጭነት በአራት ቀን ሞላ። ከሦስተኛው በኋላ በጋራዡ በር ሳልፍ ጋሽ ይመር ከጉድጓዱ ብቅ ብለው እጃቸውን አነሱና ቡሎን እንደሚያጠብቅ ሰው አየር ላይ አዞሩ። ክላክስ ነፋሁላቸው፣ አለፍኩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ዳር ድረስ ወጥተው ቆሙ። በጣቴ ጭነቱን አሳየኋቸው፣ ነገ የሚል ምልክት ሰጠኋቸው፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣቸው አለፍኩ። በኋላ መስታወት አየኋቸው፤ መኪናዋ እስክትታጠፍ ድረስ ቆመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ዳገቱን ስወጣ የኋላው ቡሎን ተበጠሰ። ጎማዎቹን የያዘው ዘንግ ከቦታው ተንሸራተተ፣ መኪናዋ በጎኗ ሄዳ ቦይ ውስጥ ተኛች። እኔ ግንባሬን ትንሽ ተጫርኩ። ከኋላ ጆንያው ላይ ግን መንገድ ላይ ያሳፈርኳቸው አሮጊት፣ እማማ ዘውዴ፣ ነበሩ። ጭነት ላይ ሰው አይጫንም፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል፤ ፀሐይ መትቷቸው ስለለመኑኝ ነው የጫንኳቸው፣ ይህች አንዷ ደግ ሥራዬ ናት፣ እሷም የዳፋው መጀመሪያ ሆነች። የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። እስከዛሬ ያለ ዱላ አይሄዱም።

የእማማ ዘውዴ ልጆች ነገሩ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት በሽማግሌ ይታይ አሉ። ስንታየሁ ከጅዳ ደወለች። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፤ «ጥፋቱ የማን ነው?» «የመካኒኩ» አልኳት። አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ መመለሻ አልነበረውም፣ ወይም እንደሌለው ለራሴ ነገርኩት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ሼህ እንድሪስ ዋናው ሆነው፣ አንድ ቄስና አንድ ገበሬ አብረዋቸው ተቀመጡ። ግራ ቀኙን ሰሙ። ጋሽ ይመር የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «ከሦስት ጭነት በኋላ ተመለስ፣ ቡሎኑ መጥበቅ አለበት ብዬው ነበር።» ሼህ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ብሎሃል?»

«አላሉኝም» አልኩ።

ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ያለበት አስተያየት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ብረት በመዶሻ መታ አድርገው ድምፁን ሲያዳምጡ የነበረውን ዓይነት አስተያየት ነው ያዩኝ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ይመርን ገለል አድርገው ረጅም ጊዜ አነጋገሯቸው። ከእኔ ራቅ ብለው ስለቆሙ የሚሉት አይሰማኝም፤ ጋሽ ይመር ደጋግመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ብቻ አየሁ። ማል እያሏቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እንደማይምሉ አውቅ ነበር። አገሩ ሁሉ ግትርነት ነው ብሎ ሲያልፈው፣ ከምን እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያን ዕውቀት እንደ ቢላዋ ኪሴ ውስጥ ይዤ ቁጭ አልኩ። ተመልሰው ሲቀመጡ ሼህ እንድሪስ ሁሉም እየሰማ፣ «ይመር፣ ለዚህ ልጅ መንገርህን ማልልን» አሏቸው።

«አልምልም» አሉ ጋሽ ይመር።

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እውነት የያዘ ሰው ለምን ይፈራል ተባለ። ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ተባለ።

በእኛ አገር ያጠፋ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቀርባል። በእርቁ ቀን ጋሽ ይመር ያቺን ነጭ ቆባቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡ፣ እማማ ዘውዴ አልጋ ፊት አጎንብሰው ቆሙ። እማማ ዘውዴ «አንሱለት፣ ኧረ አንሱለት፣ ይቅር ብያለሁ» እያሉ አለቀሱ። ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ ለማንሳት በጣም ቅርብ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። እጄን አልዘረጋሁም፤ ሌላ ሰው አነሳላቸው።

ከዚያ በኋላ መኪና ለማስነሳት ወደ ጋሽ ይመር የሚሄድ ሰው ጠፋ። ሰዉ ደሴ ድረስ ይሄዳል እንጂ በራቸውን አያይም። እሳቸው ማረሻ እየቀጠቀጡ፣ የባጃጅ ፍሬን እየሠሩ ኖሩ። እኔም ፒካፗን ደሴ ወስጄ አሠራኋት። እዚያ ያለው መካኒክ ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየና ሲወጣ፣ «ይህን የሠራው ማነው? እጁ ወርቅ ነው። ከተሠራ በኋላ ያላጠበቀው ሰው ነው እንጂ ያበላሸው» አለኝ። ከፍዬው ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ መንገዱን ሙሉ ግን ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ነበር የመጣሁት።

ጋሽ ይመርን እሸሻቸው ጀመር። ገበያ ላይ ከሩቅ ሳያቸው ሌላ መስመር እገባለሁ። አንድ ቀን ግን ነዳጅ ስቀዳ ከኋላዬ መጥተው ነበርና ማምለጫ አጣሁ። ሰላምታ ሰጡኝ፣ ሚስቴንና ልጄን ጠየቁኝ። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ተንበርክከው የመኪናዋን ሥር አዩና፣ «ቡሎኑን አጥብቀኸዋል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ ይመር።»

«ጥሩ። አልፎ አልፎ እያት» አሉና ጉልበታቸውን አራግፈው ሄዱ። ያን ዕለት ተከትያቸው ሮጬ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ቀጂው ሂሳብ ሲለኝ ሂሳብ ከፍዬ ሞተሬን አስነሳሁ። ይኸው ያ ከሆነ ዓመታት አለፉ፤ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ደጎሎ ጎሚስታ ቤት በር ላይ መርዷቸው ደረሰኝ።

ጎማዬ እንደተለጠፈ ሌላ ቦታ ሳልቆም መካነ ሰላም ገባሁ። ለቅሶው ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብዬ ለሚስታቸው እጅ ነሳሁ። ሴትዮዋ እጄን ይዘው፣ «ደከመህ፣ ከሩቅ መጣህ» አሉኝ። ከሼህ እንድሪስ አጠገብ ቦታ አገኘሁና ተቀመጥኩ። ሼሁ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖታል። ማንነቴን በድምፄ ነው የለዩት። ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ እናገራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ቁጭ ስል ግን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣

«ሼህ እንድሪስ፣ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው። «ተመለስ ብለውኛል። አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ።»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ፣ «እናውቃለን» አሉኝ።

«ምኑን ታውቃላችሁ?»

«ያን ቀንም አውቀን ነበር። ፊትህ ይናገር ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ነገሩን ያላወቁ የመሰለኝ ለእኔ ብቻ ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ለምን እኔን አላስማላችሁኝም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሁለት ሦስት ሰው ዞር አለ።

ሼህ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ልናስምልህ ነበር። ይመርን ገለል አድርገን የነገርነው ይህንኑ ነው። ልጁን እናስምለዋለን፣ አንተ ነፃ ትወጣለህ አልነው። እሱ ግን እምቢ አለ። ‹እሱን አታስምሉት፣ ይምላል› አለን። ‹ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ነው፤ በሐሰት የተማለ ነገር ቤት ገብቶ ነው የሚቀመጠው። እኔን ማል በሉኝ፣ እምቢ ስል በእኔ ፍረዱ› አለን። እኛም ቃሉን ጠበቅንለት። ለአንተም አትንገሩት ብሎን ነበር። አሁን ግን ራስህ ጠየቅከኝ።»

ይህን ብለው መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሱ። አልገሠጹኝም፣ አላጽናኑኝምም። ከፊታችን ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ እጅ ይነሳል። እኔ እግሬን አጣጥፌ እንደተቀመጥኩ ያን ቀን ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩት። ሼህ እንድሪስ ወደ እኔ ዞረው ማል ቢሉኝ፣ ጋሽ ይመር ከፊቴ ቁጭ ብለው እያዩኝ፣ ምን እል እንደነበር ራሴን ጠየቅኩ። እንደምንም ብዬ ሌላ መልስ ለማግኘት ብዙ ደከምኩ፣ አሁንም እደክማለሁ። እምል ነበር።